በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚደርስ ስንዴ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን የማነበው ደሴ ሆኜ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ "ዕርዳታ ገበሬውን አሰነፈው፤ አሁንስ ይብቃ" የሚል ደብዳቤ ጽፈው አየሁ። ሁለቴ አነበብኩት። ክፉ ሰው አይመስሉኝም። አገራቸው እጇን ስትዘረጋ ማየት የሚያማቸው ሰው ናቸው። እኔንም ያመኛል። የጻፉት ግን በዓይኔ ካየሁት ጋር ስላልገጠመልኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከ1999 እስከ 2010 ድረስ 11 ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ወሎ ደጋ ላይ፣ ከመኪና መንገድ አራት ሰዓት በእግር የምታስኬድ ቀበሌ ውስጥ። እዚያ ገበሬው ስማችንን አይጠራም። "ልማት" ነው የሚለን። ልማት መጣ፣ ልማትን ጠይቀው፣ ልማት ግባና ቡና ጠጣ። በየዓመቱ ለሚቸገር ቤተሰብ ስንዴ ወይም ብር የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ መዝግቤአለሁ። እርከን በውኃ ልክ ለክቻለሁ። ስንዴ ሲታደል ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ውያለሁ። አሁን ደሴ ላይ የዘርና የዶሮ መኖ ሱቅ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚወጡ የድሮ ገበሬዎቼ ጎራ እያሉ የአገሩን ወሬ ይነግሩኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እኔው ራሴ ስንዴ ጠባቂ ነበርኩ። በ1977 የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ባቲ መጠለያ የገባን ጊዜ ትዝ የሚለኝ ትንሽ ነገር ነው። አቧራው፣ ትኩሱ ፋፋ፣ የጣሳው ጠርዝ ከንፈሬን ሲቆርጠኝ። የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት። እናቴ ያንን ዘመን ሁልጊዜ በቅደም ተከተል ነበር የምትነግረኝ። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ተሸጡ። ከዚያ ፍየሎቹ። ከዚያ ላሟ። ከዚያ አንዱ በሬ፣ በሳምንቱ ሌላው። መጨረሻ ላይ የአባቴ ማረሻ ተሸጠ። አባቴ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። የሚሸጥ ነገር ሲያልቅ ቤቱን ዘግተን ተነሣን። ታናሽ እህቴ ባቲ ቀረች።

ስንዴው እኮ ነበረ። ግን የነበረው መንገድ ዳር ነው፣ እኛ ደግሞ ተራራ ላይ። ስንዴው ዘንድ የደረስነው ያለንን ሁሉ ጨርሰን ነው። ነፍሳችን ተረፈች። አገራችን ስንመለስ ግን በሬ የለ፣ ዘር የለ፣ ማረሻ የለ። ሦስት ዓመት በሰው በሬ አረስን። አባቴ ሁለት ቀን ለባለበሬው ያርሳል፣ በሦስተኛው ቀን ለራሱ። እርጥቡ ሲያመልጠው ዘሩም ይዘገያል፣ ምርቱም ያንሳል። የ77ቱ ረሃብ ሲነሣ ሰው ሁሉ እንዳለፈ ነገር ያወራዋል። እኛ ቤት እስከ 1981 ድረስ አላለፈም ነበር።

ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የታሰበው ይኸው እንዳይደገም ነው። ከዚያ በፊት አሠራሩ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበር። ዝናብ ይጠፋል። ባለሙያ መጥቶ የተራበውን ይቆጥራል። ለጋሽ ይለመናል። መርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ስንዴው ቀበሌ ሲገባ ግርግሙ ባዶ ነው። አዲሱ አሠራር ግን በየዓመቱ እንደሚቸገር የታወቀን ቤተሰብ አስቀድሞ ይመዘግባል። ከዚያ ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ ስንዴውን ወይም ብሩን ይሰጣል። ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ይዞ ተጀመረ፣ ኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ገበሬው ቤቱን ሳይዘጋ፣ ማጀቱን ሳያራግፍ ክፉውን ወር እንዲያልፍ ማለት ነው። እናቴ ይህን ሳስረዳት "ያኔ የት ነበራችሁ?" ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ስንፍናው ልምጣ። በኔ ጊዜ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ የሚከፈለው 3 ኪሎ እህል ወይም የዚያው ዋጋ ነበር። በነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ ይሆናል። ቤት ውስጥ አምስት ሰው ካለ ባልና ሚስት ተካፍለው በወር 25 ቀን ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ሥራውም ድንጋይ መሸከም፣ ካብ መካብ፣ ክትር መሥራት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ የመንደር መንገድ መጥረግ ነው። ሳይሠራ የሚያገኘው ጉልበት የሌለው ብቻ ነው፤ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ የታመመ። እሱ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ለ3 ኪሎ ስንዴ ብላ ሕፃን አዝላ ድንጋይ የምትሸከም እናት ያየ ሰው ሰነፍ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ጸሐፊው ጥር ወይም የካቲት ላይ አንድ ቀን እዚያ ቢውሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ሥራ ደግሞ ፍሬ አለው። እኔ በነበርኩበት ቀበሌ ከትምህርት ቤቱ በላይ አንድ ራቁቱን የቀረ ተራራ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ አፈሩና ድንጋዩ ተጠራርጎ ከታች ያለው ማሳ ላይ ይወድቃል። በ2001 ከልለነው ከብት እንዳይገባበት አደረግን። መጀመሪያ ጠብ ነበር። "ከብቶቼ የት ይግጡ?" ብሎ ዱላ ያነሣብኝ ሽማግሌም ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ሌላ ግጦሽ አልሰጠነውም ነበርና። ከዚያ ሣሩን እያጨዱ እንዲካፈሉት ተስማማን። እርከኑ ተሠራ። ሳስፓንያና ዝሆኔ ሣር ተተከለ። በአራተኛው ዓመት ከተራራው ሥር ያለችው ምንጭ ጥር ላይ ትደርቅ የነበረችው እስከ ሚያዝያ ውኃ ያዘች። ሴቶቹ ለውኃ የሚሄዱት መንገድ በሁለት ሰዓት አጠረ። ዱላ ያነሡብኝ ሽማግሌ ኋላ የተከለለው ተራራ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ዛሬም ሲገናኙኝ ሣሩ እስከ ምናቸው እንደደረሰ በእጃቸው እየለኩ ያሳዩኛል።

እንግዲህ እኔ የምለው ዕርዳታው ከነጭራሹ ይቅር አይደለም፤ እንዳለ ይቀጥልም አይደለም። የምለው ስለ ቀኑ ነው። በሰዓቱ የደረሰ አንድ ኩንታል ዘግይቶ ከደረሰ ሦስት ኩንታል ይበልጣል። ይህን በ2007 በደንብ ተማርኩት።

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። የኛ ደጋ ደግሞ በበልግ ገብስ የሚኖር ነው። እኛ የልማት ሠራተኞች በየሳምንቱ የምንሞላው ቅጽ አለ። ዝናቡ፣ ሰብሉ፣ ግጦሹ፣ የበሬ ዋጋ፣ የእህል ዋጋ። ከመጋቢት ጀምሮ በእጄ የጻፍኩት በሬ ሲወርድ፣ ገብስ ሲወጣ ነው። ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ከብት ተራ መቆም ይበቃል። ገዢው ትንሽ፣ ሻጩ ብዙ ከሆነ ሰው እየተጨነቀ ነው። ቅጹ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ እኛ አናይም።

እዚያ ቀበሌ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ። አራት ልጆች አሏቸው። አንድ ቡሬ በሬ ነበራቸው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅተው ነው የሚያርሱት። መቀናጆ ይባላል። አንድ በሬ ያለው ድሃ አንድ በሬ ካለው ድሃ ጋር ተጠምዶ ሁለቱም ያርሳሉ። አንዱ በሬውን ከሸጠ ሁለት ቤት ነው የሚቆመው። እኚህ እናት የየካቲትን ሥራ ሠርተዋል፣ የመጋቢትንም፣ የሚያዝያንም። ፊርማቸው ሳይሆን የጣት አሻራቸው መዝገቤ ላይ አለ። ስንዴው ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ መኪና ጠፋ ተባለ። አንድ ጊዜ የስም ዝርዝሩ ተሳስቶ ተመለሰ። በየሳምንቱ ጣቢያዬ በር ላይ መጥተው "ልማት፣ መች ነው?" ይሉኛል። እኔም "በዚህ ሳምንት" እላለሁ። እንደዚያ ብዬ የላክኋቸው ስንት ጊዜ እንደሆነ ዛሬም ይቆጨኛል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ቡሬውን ገበያ አወጡት። ጥር ላይ 7 ሺህ ብር ተጠይቆበት እምቢ ያሉበትን በሬ በ3 ሺህ 200 ሸጡት። ነጋዴው የዚያኑ ዕለት ከሌሎቹ ጋር ጭኖ ወሰደው።

ስንዴው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ገባ። የሦስት ወር በአንድ ላይ፤ ለአምስት ነፍስ 225 ኪሎ። አህያ ተውሰው መጡ። ሚዛኑ ላይ ሲጫን ዝም ብለው ያዩ ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞር አሉና "ልጄ፣ ይኼን የዛሬ ወር ብትሰጡኝ በሬዬ ዛሬ ደጄ ላይ ነበር" አሉ። ቁጣ የለበትም። እንደ ሒሳብ ነው የነገሩኝ። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ርክክብ "መቶ በመቶ ተፈጽሟል" ተብሎ ገባ። ውሸት አይደለም። ኪሎው ልክ ነው። የጎደለው ቀኑ ነው፣ ለቀን ደግሞ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም ነበር።

ክረምቱም ሳይዘንብ ቀረ። በአገር ደረጃ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሰው በ2007 አጋማሽ 2.9 ሚሊዮን ነበር። ነሐሴ ላይ 4.5 ሚሊዮን ተባለ። ጥቅምት 2008 ላይ 8.2፣ ታኅሣሥ ላይ 10.2 ሚሊዮን። ይህ ሁሉ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ድንገት አልተራበም። ቆጠራው ነው ከኋላ ከኋላ የሄደው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ያ ድርቅ ብዙዎች ከ77ቱ ጋር ያነጻጸሩት ነበር። እንደ 77ቱ ግን ሕዝብ በገፍ አላለቀም። መንግሥትም ከራሱ ካዝና አወጣ፣ ለጋሾችም ሰጡ፣ ሴፍቲኔቱም መሠረት ሆነ። ይህን የሚክድ ሰው ባቲን አላየም። በሬው ግን ሄደ፣ የጎረቤቱም በሬ ያለ ጓደኛ ቀረ። እኚያ እናት መሬታቸውን ለእኩል ሰጡ። ግማሹ ምርት ከዚያ ወዲህ የሰው ነው። ትልቋ ልጃቸው በ17 ዓመቷ በሎግያ፣ በጅቡቲ፣ በየመን አድርጋ ሳዑዲ ገባች። በሕይወት አለች፣ ተመስገን፤ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ትምህርቷን ከ8ኛ ክፍል ነው የጣለችው።

ስለ ምረቃም አንድ ነገር ልናገር። ቤተሰቡ ራሱን ቻለ ተብሎ ከሴፍቲኔት ሲወጣ "ተመረቀ" ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ላይ መኖር የለበትም። ግን በኔ ጊዜ "ዘንድሮ ይህን ያህል አስመርቁ" የሚል ቁጥር ከላይ ይመጣል። ቁጥሩ ከመጣ ቤቱ አይታይም። ሁለት በግ ያላት ትመረቃለች፣ አንድ ጥሩ ምርት ያገኘ ይመረቃል። በ2005 በኔም ፊርማ የተመረቁ አሉ። ጭብጨባ ነበር፣ ፎቶም ተነሣን። በ2008 ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ለአስቸኳይ ዕርዳታ መልሼ የመዘገብኳቸው እኔው ነኝ። አንደኛው ሰው ስሙን እየጻፍኩ ሳለ "ትምህርቱን ደገምን ማለት ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሰዓቱ ያልደረሰው ስንዴና ያለ ሰዓቱ የመጣው ምረቃ ለኔ አንድ ናቸው። ሁለቱም ከገበሬው ቀን ይልቅ የቢሮውን ቀን ይከተላሉ።

የሥራው ወቅት እንኳን እንዲሁ ነው። ጥር እስከ ሰኔ የተባለው መኸር ለሚያመርተው ይመቸዋል፣ ማሳው ባዶ ነውና። በበልግ ለሚኖረው ደጋ ግን የካቲት ማለት ዘር ማለት ነው። ገበሬው ዘሩን ትቶ ድንጋይ እንዲያነሣ ስጠራው ነው የከረምኩት።

"ይብቃ" ላሉት ጸሐፊ ደግሞ በቅንነት ላስታውስ፤ ብዙው ነገር እየቆመ ነው። ሚያዝያ 2015 ላይ ትግራይ ውስጥ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በመላ አገሪቱ የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ ዕርዳታ ቆሞ ነበር፤ ስንዴው ለማይገባው ሰው እየሄደ ነው ተብሎ። የተሰረቀ ከሆነ ሌባው ይታሰር፣ እኔ የመጀመሪያው ደስተኛ ነኝ። ግን ለወራት የተቀጣችው ያልሰረቀችው ናት። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ታገደ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ተዘጋ። ሚያዝያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት የ650 ሺህ እናቶችና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ይኼ ቁጥር ለኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። የሕፃኑን ክንድ በዚያች ባለ ቀለም ሜትር ለክቶ ቀዩ ላይ ሲያርፍ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ስንዴው ማነሱ ላይቀር ይችላል። ካነሰ ደግሞ ቀኑ ከበፊቱም ይበልጥ ዋጋ አለው። እንደሚቻል ደግሞ አይተናል። በ2001 ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል መንደር 200 ቤተሰቦች የዝናብ መድን ገቡ። ብር የሌለው ገበሬ መድኑን በጉልበቱ ይከፍል ነበር፣ እርከን እየሠራ። ዝናቡ ከተወሰነ መጠን በታች መውረዱ በሳተላይት ይታይ ነበር፤ ማንም ማሳ ለማሳ እየዞረ ጉዳት ሳይቆጥር ይከፈል ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙ ሺህ ገበሬ ገባበት። ሴፍቲኔቱም ራሱ ሲቀረጽ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ተይዞለት ነበር፤ ሌላ ልመና ሳይጠበቅ ቶሎ እንዲወጣ። እኔ የምመኘው ከብት ተራ ላይ የበሬ ዋጋ ሲወድቅ ያ ገንዘብ በዚያው ወር እንዲለቀቅ ነው፤ ስብሰባ ሳይጠራ፣ ሌላ ቆጠራ ሳይጠበቅ። ቅጹን የሚሞላ ልማት በየቀበሌው አለ።

ከናንተ ከጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ጋዜጣችሁ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ያትማል። የጤፍና የሲሚንቶ ዋጋም ሲለዋወጥ ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ከጥር እስከ ሰኔ በወር አንድ ጊዜ ትንሽ ሠንጠረዥ አትሙልን። የወረዳው ስም፣ የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ፣ ገበሬው እጅ የገባበት ቀን። ሌላ ትንታኔ አያስፈልግም። የየካቲቱ ስንዴ ሰኔ 4 ደረሰ ተብሎ በጋዜጣ ከወጣ የሚያነብ ኃላፊ ይኖራል፣ የሚያፍርም ይኖራል።

እኔ በበኩሌ በደሴ ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች የሚመጡትን ገበሬዎች ሰኞ ሰኞ ሱቄ ሲገቡ እየጠየቅሁ ቀኑን ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። ለዘንድሮው ደብተር ገዝቼ ዓምዶቹን አስምሬአለሁ። በምን መልክ ብልክላችሁ እንደሚሻል ብቻ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
ደሴ